ፈረንሳዮች ቅቤና አይብ እየበሉ እንዴት ነው የማይወፍሩት? እዚያ ያላችሁ እስቲ ንገሩን

ሚሚ_ሜሪላንድ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የአክስቴ ልጅ ከሊዮን መጥታ እኛ ጋ ሰንብታ ነበር። እኩያሞች ነን። እዚያ የሄደችው በሕፃንነቷ ነው። ጠዋት ዳቦ በቅቤና በማርማላታ ትበላለች። ማታ ትንሽ አይብ ካልቀመሰች እራት የበላች አይመስላትም። ቸኮሌትም አትጠላም። ወገቧ ግን ያው የድሮው ነው። እኔ ዳቦና ስታርች የሚያስተወውን ኬቶ የሚሉትን ዳይት ሞክሬዋለሁ። በሰዓት ቆጥሮ መጾሙንም ሞክሬዋለሁ። ዳቦማ ከቤቴ ካባረርኩት ሰነባበተ። ሚዛኑ ወረድ ይልና ተመልሶ ቦታው ጉብ ይላል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ስላት «ምንም» ትለኛለች። ይሄ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያበግናል!

እዚህ አሜሪካ በፈረንሳይ ሴት ስም የማይሸጥ ነገር የለም። ሻይ አለ፣ እንክብል አለ፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ ኮርስ አለ። ወይኑ ነው የሚልም አለ። እውነት ምስጢር አላቸው ወይስ ወሬ ነው? እዚያ የምትኖሩ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ካንቲን_ሊዮን፦

ሚሚዬ፣ የአክስትሽ ልጅ አልዋሸችሽም። በሕፃንነቷ ከመጣች እዚሁ ካንቲን በልታ ነው ያደገችው። ስለዚህ ምንም የምታደርግ አይመስላትም።

እኔ እዚሁ ሊዮን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካንቲን ነው የምሠራው። ምግብ አድላለሁ፣ ለትናንሾቹ ሥጋ እቆርጣለሁ፣ የፈሰሰ ውሃ እወለውላለሁ። የማወራሽ ትሪው ላይ ያየሁትን ነው።

ባለፈው ሳምንት የአንዱን ቀን ልንገርሽ። መጀመሪያ የተፈቀፈቀ ካሮት በዘይትና በሰናፍጭ። ቀጥሎ ዓሣ ከምስር ጋር። ከዚያ አንዲት ቁራጭ አይብ፣ ሁለት ጊዜ ጎረስ ቢያደርጓት የምታልቅ። መጨረሻ ላይ ፖም። ጠረጴዛው መሐል በቅርጫት የተቆራረጠ ባጌት፣ በጆግ ውሃ። ጁስ የለም። ለስላሳ የለም። ኬቻፕ እንደልብ የለም።

ይሄ የአለቃዬ ፈቃድ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ደንብ አለ። ምናሌውን በ20 ምሳ በ20 ምሳ እየቆጠረ ነው የሚቆጣጠረው። ከ20ው ውስጥ በዘይት የተጠበሰ ነገር ከ4 ጊዜ በላይ መምጣት አይችልም። ቢያንስ በ8ቱ ማጣጣሚያው ትኩስ ፍራፍሬ መሆን አለበት። ውሃና ዳቦ እንደልብ ነው፤ ጨውና ሶስ ግን ልጆቹ እጅ ላይ አይተውም። ለስላሳና ከረሜላ የሚሸጡት ማሽኖችም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከትምህርት ቤት ግቢ ወጥተዋል። ምናሌው በር ላይ ይለጠፋል። እናትና አባት ቆመው ያነቡታል። ቀን ፓስታ ከበላ ማታ ሾርባ ይሆናል፣ በዚያ ነው የሚያሰሉት።

ልጆቹ ሁሉንም ይወዳሉ አላልኩም። ቀይ ሥር የቀረበ ቀን ፊታቸውን ብታዪ! ግን ትንሽ ይቀምሳሉ። እኛ አንቆጣም፣ አንለምንም። ቅመሰው፣ ካልጣመህ ተወው፣ አለቀ። ይሄን መልመድ ለኔ ከባድ ነበር። ልጅ ሳህኑ ላይ ሲያስቀር ሐበሻ እናት ምን እንደምትሆን ታውቂያለሽ። «በሞቴ» ሊያመልጠኝ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ስንቴ መለስኩት።

ዋናው ግን ሰዓቱ ነው። ምሳ በምሳ ሰዓት ይበላል። በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጉቴ የሚሉት መክሰስ አለ። ባጌት መሐሉ ቸኮሌት ተከትቶበት፣ ወይ ፍራፍሬ፣ ወይ ብስኩት። ከዚያ እስከ እራት ምንም የለም። «ራበኝ» ቢል «እራት ይደርሳል» ነው የሚባለው። ማቀዝቀዣ ከፍቶ ያገኘውን መጎስጎስ ብሎ ነገር የለም። አዋቂውማ መክሰሱንም አብዛኛው አይበላም፤ ከምሳ ዘሎ እራት ነው። በቴሌቪዥን የቸኮሌት ማስታወቂያ ሲመጣ ከሥሩ ትንሽ ጽሑፍ ታልፋለች፦ በቀን ቢያንስ 5 ፍራፍሬና አትክልት ብሉ፣ በምግብ መሐል አትቀማምሱ የሚል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ግዴታ ነው።

አንቺ ቤት ሆና ሳለ በመሐል በመሐል ስትበላ አይተሻት ታውቂያለሽ?

ሚሚ_ሜሪላንድ፦

አሁን ስታነሺው... አላየኋትም። እኔ ፊልም እያየሁ ለውዝ ስቆረጥም እጇን እንኳ አልዘረጋችም። እንግድነት ተሰምቷት መስሎኝ ነበር።

ባለታክሲ_ፓሪስ፦

ካንቲን፣ ስለ ልጆቹ የተናገርሽው ልክ ነው። ግን ሥዕሉን በጣም አታሳምሪው።

እኔ ፓሪስ ላይ ታክሲ ስነዳ ፀጉሬ ሸበተ። ከተማው ሌሊት ምን እንደሚበላ የማየው እኔ ነኝ። በርገር ነው፣ ከባብ ነው፣ ደግሞ ታኮስ የሚሉት በድንች ጥብስና በአይብ ሶስ የታጨቀ ጥቅል አለ። ያውም የፈለቀው ከሜክሲኮ ሳይሆን ከእናንተው ከሊዮን አካባቢ ነው። የማክዶናልድ ትልቁ ገበያ ከአሜሪካ ቀጥሎ የት መሰላችሁ? እዚሁ አይብና ወይን አገር።

ፈረንሳይ አይወፍርም የሚለውን ያመጣው ፓሪስ መሐል ቡና እየጠጣ አላፊ አግዳሚውን የሚያይ ቱሪስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከመቶ አዋቂ 8.5ቱ ነበር ከልክ በላይ ወፍራም የሚባለው። በ2020 17 ገባ። እጥፍ ሆነ! ትንሽ ወፈር ያለው ከተጨመረበትማ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ወደ ሰሜን ሂዱ፣ የከሰል ማዕድን የተዘጋባቸውን ከተሞች እዩ። ሌላ አገር ነው የሚመስላችሁ። በአገሪቱ ውፍረት የባሰው እዚያ ነው፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ፓሪስና ዙሪያዋ። እዚህ የሚቀጥነው ሀብታሙ ነው። ሚሚ፣ አንቺ አገር ከዚህ ይለያል?

ቀልደኛው_ጀሞ፦

እኔ ፈረንሳይ ሳልሄድ ነው ምስጢሩን ያወቅኩት። ደሞዝ ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሁላችንም ፈረንሳይ ነን።

ነርስ_ግሬኖብል፦

ጋሼ ባለታክሲ ትክክል ነዎት። የአሜሪካው ከመቶ 40 ስለሚያልፍ ነው የኛው ትንሽ የሚመስለው።

እኔ ግን ስለ ዳይቱ ልጨምር። ፈረንሳይ ዳይት አያደርግም የሚሉት ትልቅ ተረት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ የፋርማሲ መስታወት ብታዩ ትስቃላችሁ። የሚያሸና ሻይ፣ ሆድ የሚያጠፋ እንክብል፣ ጭን ላይ የሚቀባ ክሬም። የባሕር ዳርቻ ወቅት ሊደርስ ነዋ! የሴቶች መጽሔት ሁሉ ሽፋኑ ላይ ከበጋ በፊት ስንት ኪሎ እንደምትቀንሺ ይነግርሻል። በየዓመቱ ያው ነው።

ደግሞ ለዓለም ዳይት ያከፋፈሉት እነሱው ናቸው። በ1980ዎቹ ሚሼል ሞንቲኛክ የሚባል ሰው ተነሣ። ካሎሪ አትቁጠሩ፣ ነጭ ዳቦና ድንች ተዉ፣ ቅባትን ከስታርች ጋር አትደባልቁ አለ። ሐኪም አልነበረም፤ የመድኃኒት ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። ሚሊዮኖች ተከተሉት። ከዚያ ዶክተር ፒየር ዱካን መጣ። የሱ ዳይት 4 ደረጃ አለው። የመጀመሪያው «ማጥቂያ» ይባላል፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ቅባት የወጣለት እርጎ፣ ከዚያ የአጃ ብራን (ፍሩሽካው)። ሌላ ምንም። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። የክፍል ጓደኞቼ ብራኑን በትንሽ ላስቲክ ቋጥረው ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ይመጡ ነበር። ሁለት ሳምንት ይቀጥናሉ፣ አፋቸው ይሸታል፣ ሆዳቸው ይደርቃል። ገና ሲመጣ ሁሉም ወደ ቦታው።

አንሴስ የሚባለው የመንግሥት የምግብ ደህንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ 15 ዳይቶችን መረመረ። የዱካንም ከነሱ አንዱ ነበር። አብዛኞቹ አንዱን ንጥረ ነገር ከልክ በላይ አብዝተው ሌላውን ያጎድላሉ፣ አጥንትና ጡንቻ ይጎዳሉ፣ ክብደቱም ብዙ ሰው ላይ ይመለሳል ብሎ አስጠነቀቀ። ያለ ሐኪም ክትትል አትጀምሩ አለ። ዱካንም በ2014 ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ፤ ሕክምናን ንግድ አድርጎታል ተብሎ።

ይሄ ሁሉ ግን ከሜዲያቶር ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ወጣቶቹ ስሙንም ላታውቁት ትችላላችሁ። ለስኳር ሕመምተኞች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1976 ገበያ የወጣ ክኒን ነው። የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ሐኪሞች መቀነስ ለምትፈልግ ሴት ሁሉ ይጽፉት ጀመር። ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ወስዶታል። ብረስት ከተማ ያለች አይሬን ፍራሾን የተባለች የሳንባ ሐኪም የታካሚዎቿ የልብ ቫልቭ መበላሸቱን አስተዋለች። መድኃኒቱን ጠረጠረች፣ ፋይል እያገላበጠች ማስረጃ ሰበሰበች። በኖቬምበር 2009 ከገበያ ታገደ። የሞተው በመቶዎች ይቆጠራል። አምራቹ ሴርቪዬ በ2021 ፓሪስ ላይ ሰውን በማታለልና በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለ። ከወሰዱት ብዙዎቹ እኮ የሚፈልጉት ጥቂት ኪሎ መቀነስ ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ የክብደት መቀነሻው መርፌ መጥቷል። ዌጎቪ በኦክቶበር 2024 ፋርማሲ ገባ። ስልካችን ላይ በየቀኑ የሚጠይቀን ሰው አለ።

ሚሚ_ሜሪላንድ፦

ኧረ ጉድ! ሜዲያቶር የሚባል ሰምቼም አላውቅ። እዚህ የሚሸጡልን የፈረንሳይ ሴት ይሄ ሁሉ ታሪክ አላት እንዴ?

ነርስዬ፣ ወይኑስ? አባባ በየማታው አንድ ብርጭቆ ቀይ ይይዛሉ። «ለልቤ ነው፣ የፈረንሳይ ሐኪም ተናግሯል» ይላሉ። እማማ አፍንጫዋን ነፍታ ትተዋቸዋለች።

ነርስ_ግሬኖብል፦

አባባ ያልተናገረ ሐኪም አልጠቀሱም፤ ሰውየው ሰርዥ ረኖ ነው፣ ቦርዶ የነበረ ተመራማሪ። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ቀረበ። ፈረንሳዮች ያን ያህል ቅባት እየበሉ የልብ ድካም የሚያንስባቸው ለምንድን ነው ሲባል ወይኑን ጠቆመ። በማግስቱ የአሜሪካ መደብር ቀይ ወይን አለቀበት ማለት ይቻላል። የፈረንሳይ እንቆቅልሽ የሚሉት ወሬ ያኔ ነው ዓለምን የዞረው። የቦርዶ ወይን ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ከየት ያመጣል?

ዛሬ የፈረንሳይ ጤና ተቋም ራሱ እንዲህ አይልም። ቢበዛ በቀን 2 ብርጭቆ፣ በሳምንት ከ10 ያልበለጠ፣ በየቀኑ ደግሞ አይሁን ነው የሚለው። ይሄም ጉዳቱን ለመቀነስ እንጂ ለመድኃኒትነት ብሎ አይደለም። ፈረንሳዮቹም ትተውታል። በ1960 አንድ ሰው በዓመት ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣ ነበር። ዛሬ ወደ 40 ወርዷል። ድሮ በትምህርት ቤት ካንቲን ለልጆች ወይን ይቀዳ እንደነበር ታውቃላችሁ? ከ14 ዓመት በታች ላሉት የተከለከለው በ1956 ነው።

አባባ ደስ ስለሚላቸው ይጠጡ። ልባቸውን ግን ሰበብ አያድርጉት።

ሊሴ_ገብረማርያም፦

ከአዲስ አበባ ነኝ። ስሜ እንደሚያሳብቀው የተማርኩት ፈረንሳይ ትምህርት ቤት ነው። በኋላም ለሥራ ቱሉዝ ኖሬ ተመልሻለሁ።

ስለ ሰዓቱ ካንቲን ያነሣችው ትልቅ ነገር ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ሰዉ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ አጥንቶ ነበር። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የአገሩ ግማሽ ሕዝብ ማዕድ ላይ ነው! ባንኩ ዝግ፣ ሱቁ ዝግ፣ ስልክ የሚያነሣ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ጉዳይ ለማስፈጸም እየሄድኩ በሩ ላይ ስቆም እናደድ ነበር። በአማካይ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ ለመብል ይቀመጣሉ፤ አሜሪካዊው የዚህን ግማሽ ገደማ። ረጅም ሰዓት ይበላሉ፣ ግን ብዙ አይበሉም። አብዛኛውን የሚያወሩት ወሬ ነው፤ የሚያወሩት ደግሞ ስለ ምግብ። ምሳ እየበሉ እራት ምን ይሻላል ይባባላሉ።

ሰው ቤት ስትጋበዙ የምታዩትን ልንገራችሁ። ድስቱ ይዞራል፣ ራስህ ታወጣለህ። አንዴ «ልጨምርልህ?» ትላለች ባለቤቲቱ። «አመሰግናለሁ፣ በቃኝ» ካልክ በቃ ነው። የሚለምንህ የለም። እኔ ደግሞ በሐበሻ ደንብ እስኪለምኑኝ ጠበቅኩ። ድስቱ ወደ ወጥ ቤት ገባ! ከዚያ ሰላጣ መጣ፣ ከዚያ አይብ። አይብ የሚዞረው አንዴ ብቻ ነው። ሁለተኛ ጠይቆ መውሰድ ነውር ባይሆንም ዓይን ይበዛበታል። ከሦስት አራት ዓይነት ቀጫጭን ቁራጭ ወስደህ በዳቦ ታጣጥማለህ። እንግዲህ ሚሚ፣ አይብ ይበላሉ ስትዪ ይሄን ያህል ነው።

እንዲህ ያለው የግብዣ ማዕድ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦላቸዋል። የተመዘገበው ወጡ ሳይሆን አቀማመጡ ነው፦ ቅደም ተከተሉ፣ ወይኑን ከምግቡ ማዛመዱ፣ አብሮ መብላቱ።

ነርሷ ስለ ሞንቲኛክ ስታወራ ደግሞ አንድ የድሮ ሰው ትዝ አለኝ። ብሪያ-ሳቫረን ይባላል፣ ዳኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1825 ስለ መብል በጻፈው መጽሐፍ ላይ የውፍረት ምንጩ ዱቄትና ስታርች ነው፣ ዳቦና ድንች ቀንሱ ብሏል። ኬቶ አዲስ ግኝት መስሏችሁ ከሆነ 200 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የሚገርመው ግን ይህን ምክር የሰጠው አገር እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ባጌት ለመግዛት ይሰለፋል።

ወለተ_ጊዮርጊስ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኛ ከማን እንማር ነው? በዓመት ከ180 ቀን በላይ እየጾምን! ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት። ከሥጋና ከቅቤ ርቀን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳንበላ። የፈረንሳይ ሐኪም ይሄን ቢያገኝ በስሙ አስመዝግቦ ይሸጠው ነበር።

ነርስ_ግሬኖብል፦

ወለተ ጊዮርጊስ እህቴ፣ ጾም ለነፍስ ነው፣ እዚያ ውስጥ አልገባም። ከሥጋ አንጻር ብቻ ላውራ። እናቴ በሁዳዴ ነው የምትወፍረው። ሽሮው በዘይት ይዋኛል፣ ሳምቡሳው፣ ድንቹ፣ ቆሎው፣ ለስላሳው። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ የሁለት ወሩ በአንድ ሳምንት ይካካሳል። ፈረንሳዮቹ ጋ እንዲህ ያለ ከፍ ዝቅ እምብዛም አላይም። የበዓላቸው እራት ከባድ ነው፣ ፎዋ ግራ የሚሉት የሰባ የዳክዬ ወይ የዝይ ጉበቱም ኬኩም ይቀርባል። በማግስቱ ሾርባና ሰላጣ ያደርጋሉ፣ ያውም ማንም ሳይነግራቸው።

ወለተ_ጊዮርጊስ፦

ስለ ሳምቡሳው ዝም ብያለሁ። 😄

ዳዊት_ቶሮንቶ፦

ቆንጆ ውይይት ነው፣ ግን ለኔ ምን ይጠቅመኛል? መጋዘን ውስጥ ሌሊት ነው የምሠራው። የእረፍት ጊዜዬ 30 ደቂቃ ነች። ማይክሮዌቭ ጋ ለመድረስ ግማሹ ያልቅብኛል። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብዬ አይብ ላጣጥም? በፈረቃ የሚሠራ ሰው ባለበት አገር ይሄ ምክር ለሥራ ፈት ነው።

ካንቲን_ሊዮን፦

ዳዊት፣ እውነትህን ነው። እዚህም ቢሆን ሰዉ በፈቃዱ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው። የሥራ ሕጉ ራሱ ሠራተኛ በሚሠራበት ክፍል ምሳ እንዳይበላ ይከለክላል። ጠረጴዛህ ላይ ኮምፒውተር ከፍተህ ሳንድዊች መግመጥ በወረቀት ደረጃ ሕገ ወጥ ነው። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2021 መጀመሪያ፣ ሰው እንዳይጠጋጋ ብለው ለጊዜው ፈቅደውት ነበር፤ ያም ራሱ ዜና ሆነ። አሠሪው ደግሞ ካንቲን ከሌለው የምሳ ኩፖን ይሰጣል፣ ግማሹን ወይ ከዚያ በላይ እሱ ከፍሎ። ከ1967 ጀምሮ ያለ ነገር ነው።

ሌላው የሳህኑ መጠን ነው፤ ይሄ ጊዜ አይጠይቅም። ፖል ሮዚን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ፓሪስና ፊላደልፊያ ውስጥ ምግብ ቤት እየዞሩ ምግቡን መዘኑት። በ2003 ነው ያወጡት። በአማካይ የፓሪሱ 277 ግራም፣ የፊላደልፊያው 346 ግራም። ቻይና ምግብ ቤትም ይሁን ፒዛ ቤት፣ የአሜሪካው ይበልጣል። ያው ማክዶናልድ ውስጥ እንኳ ፓሪስ ያለው ሰው 22 ደቂቃ ይቀመጣል፣ ፊላደልፊያ ያለው 14። ትንሹን ምግብ ረዘም አድርጎ ይበላዋል ማለት ነው።

እዚህ የእርጎ ኩባያ 125 ግራም ነው። አንዱን በልተህ ትጨርሳለህ፣ ሁለተኛ የሚከፍት የለም። አሜሪካ ዘመዶቼ ጋ ሄጄ እርጎውን ሳየው ለቤተሰብ መስሎኝ ነበር። ለስላሳም ቢሆን እንደልብ እየተመላለሱ በነፃ መቅዳት እዚህ ከ2017 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል።

ሌሊት ብትሠራም ምሳ ዕቃህን ማሳነስ ትችላለህ። ከመኪናው ውስጥ ያለውን ቺፕስ ደግሞ ቤት ተወው። (እንዳለህ አውቃለሁ።)

ዳዊት_ቶሮንቶ፦

ማን ነገረሽ?!

ባለታክሲ_ፓሪስ፦

ይሄን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሁላችሁም ባህል ባህል ትላላችሁ። ባህሉ ገንዘብ ይፈልጋል። ከገበያ ትኩስ አትክልት ገዝቶ፣ ሦስት ዓይነት አድርጎ፣ ቤተሰቡን ሰብስቦ የሚበላው ማነው? በጊዜ ቤቱ የሚገባ ነው። የኔ ሚስት ቢሮ ታጸዳለች፣ ከንጋት በፊት ትወጣለች፣ ማታም ትመለሳለች። እኔ ከመሪው ጀርባ ነው የምበላው። ልጆቻችን ካንቲን ባይበሉ ኖሮ አትክልት የት ያዩ ነበር?

ካንቲን_ሊዮን፦

ጋሼ፣ እኔም የምለው እሱን እኮ ነው። ለዚህ ነው ካንቲኑ የሚያስፈልገው። በብዙ ከተማ የሚከፈለው በቤተሰብ ገቢ ልክ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅም የሐኪሙ ልጅም ያንኑ ካሮት ነው የሚበሉት፣ እዚያው ጠረጴዛ።

ባለታክሲ_ፓሪስ፦

በሳምንት 4 ምሳ። የቀረውስ? እራቱ፣ ቅዳሜና እሁዱ፣ ያ ሁሉ የክረምት ዕረፍት? በ4 ምሳ አገር አይቀጥንም፣ ልጄ። ሰሜን ያሉትም ካንቲን አላቸው።

ካንቲን_ሊዮን፦

አይቀጥንም ይሆናል። ግን ምን እንደሆነ ያውቀዋል። አንድ ልጅ አድጎ ሱቅ ሲገባ ቀይ ሥር ምን እንደሚመስል ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ላይ አንስማማም መሰለኝ።

ሊሴ_ገብረማርያም፦

ካንቲን ካነሣችሁ፣ በፌብሩዋሪ 2021 የሊዮን ከንቲባ በኮቪድ ምክንያት አሰላለፉ እንዲፈጥን ብለው ለሁሉም ልጅ ሥጋ የሌለው አንድ ዓይነት ምሳ ይቅረብ አሉ። ዓሣና እንቁላል እኮ አለበት። ሚኒስትሮቹ ሳይቀሩ ጮኹ! ገበሬው ትራክተርና ላም ይዞ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ወጣ። እኛ ሁለት ወር ከሥጋ ርቀን ማንም ትራክተር አያወጣም።

ወለተ_ጊዮርጊስ፦

በል እሱን ጻፍልኝ! ከመጀመሪያውም ይሄን ነበር የምለው።

ሚሚ_ሜሪላንድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ባለታክሲ ያሉት ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቷል፤ እኔም ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። ዳቦውን ግን ቤቴ እመልሰዋለሁ፣ ናፍቆኛል። ለውዙን ከሶፋው ላይ አነሣዋለሁ። ሌላ ዳይት ለጊዜው አልጀምርም። ኪሎው ባይቀንስም ቢያንስ አይመላለስብኝ።

ካንቲንዬ፣ ያ የካሮቱ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው? ባለቤቴ ሰላጣ አይወድም፣ ይሄን ግን ሳይቀምስ አይቀርም።

ካንቲን_ሊዮን፦

ቀላል ነው። ካሮቱን በቀጭኑ ፈቅፍቂው። በሳህን አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ወይ ሎሚ፣ ጨው፣ ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቀስ እያልሽ እየመታሽ ጨምሪ። ወፈር ሲል ካሮቱ ላይ አፍሺው። ፐርስሜሎ ካለሽ ከትፈሽ ነስንሺበት። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ከዋናው ምግብ በፊት አቅርቢው፣ ብቻውን። እርቦት እያለ የመጣለትን ይበላል።

ወለተ_ጊዮርጊስ፦

ይሄማ የጾም ነው! ሰናፍጩ የኛው ይሆናል ወይስ የግድ የፈረንሳዩ የዲዦን?

ካንቲን_ሊዮን፦

የኛውም ይሆናል፣ ግን ከዚህ መጠን ግማሹን አድርጊ። እኔ አንዴ ከአገር ቤት በመጣልኝ ሠርቼ ጎረቤቴን ማዳም በእንባ አራጨኋት።